ዝርዝሩ ላይ ያለ፣ ማሽኑ ውስጥ የሌለ

ጳጉሜን 2 ቀን 2003፣ ረቡዕ

ዛሬ ሥራ ተመለስኩ። አባባ ከሞተ አሥራ ስምንተኛ ቀኑ ነው። እናቴ ዒዳ፣ የባሏ ሐዘን ላይ ስለሆነች ከግቢ አትወጣም፤ ወጥቶ የሚሠራ ሰው ካለ እኔ ነኝ። «ትንሽ ብትቆዪ ምናለ?» አለችኝ። ቤት ቁጭ ብዬ ምን አደርጋለሁ? ለቅሶ ደራሽ ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ እኔ ውሃ አቀርባለሁ። አላለቅስም፤ ሰው ደግሞ ያያል።

የአያ ሸምሱ ጽሕፈት ቤት ይሻለኛል። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ውል እንጽፋለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን። የተጻፈውንም ስካን የተደረገውንም ማሽኑ ውስጥ እናስቀምጣለን። «የከሚሴ ሰው ወረቀቱን የሚያስቀምጠው ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን እኔ ጋ ነው» ይላል አያ ሸምሱ። ውሸት የለበትም።

አዲስ ኮምፒውተር ገዝቷል። ከአሮጌው ላይ ዘጠኝ ሺህ ምናምን ፋይል ገለበጥኩ፤ ከዚያ አሮጌውን አጸዳሁት። ነገ የባቲው ገዢ ይወስደዋል።

ጳጉሜን 5፣ ቅዳሜ

ቫይረስ። የሰው ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፎልደሮቹ ይደበቃሉ። ሰለቸኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከክፍል ጓደኛዬ ያገኘሁትን፣ ዊንዶውስን የሚተካውን የሊኑክስ ሲዲ አውጥቼ ጫንኩ። ቫይረሱ ቀረ። ግን የፋይል መስኮቱ ብዙ ፋይል ሲያይ ይደርቃል፤ የአማርኛውን ስም ደግሞ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳየኛል።

የጽሑፍ ኤዲተሩ ግን አማርኛውን ያነባል። ታዲያ ፋይሎቹን እዚያው ኤዲተሩ ውስጥ ለምን አልዘረዝራቸውም? ኤዲተሩን በሊስፕ ማዘዝ ይቻላል። ሊስፕ ትምህርቴን ከማቋረጤ በፊት የተማርኩት የመጨረሻው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ቅንፍ ትከፍታለህ፣ ቅንፍ ትዘጋለህ፣ በመሃል የፈለግኸውን ታደርጋለህ።

«አዲሱንም በኛ ቀን ሙዪልኝ» አለኝ አያ ሸምሱ። እምቢ አልኩት። ማሽኑ በፈረንጅ ይቁጠር፣ ዝርዝሩ ላይ እኔ ወደ እኛ እቀይርልሃለሁ አልኩት። «አይ የተማረ ሰው!» አለ።

መስከረም 2 ቀን 2004

ሠራ። የፎልደሩን ስም ስሰጠው ፕሮግራሙ የፋይሎቹን ስም በዝርዝር ይመልሳል፤ እኔ ከየስሙ ጎን መጠኑንና ቀኑን አስቀምጣለሁ፤ አንድ ፋይል አንድ መስመር። ጽሑፍ ይመስላል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። መስመሩ ላይ ቆሜ የ«አስገባ»ን ቁልፍ ስጫን ፋይሉ ይከፈታል። «ሰ» ስጫን የመስመሩ ራስ ላይ «ሰ» ትቀመጣለች፣ ይሰረዝ ማለት ነው። «ፈ» ስጫን ምልክት ያለበት ሁሉ ይፈጸማል።

ቀኑ ነው ያኮራኝ። የፈረንጁን ወስዶ ወደ እኛ የሚቀይር ፈንክሽን ጻፍኩ፣ ሃያ ሁለት መስመር። የዛሬውን ሞከርኩ፣ ልክ። የጳጉሜንን ስድስተኛ ቀን ሞከርኩ፣ እሱም ልክ። አያ ሸምሱን ጠርቼ አሳየሁት። «ማሻአላህ» ብሎ ወደ ፎቶ ኮፒው ሄደ።

መስከረም 5፣ አርብ

ለጁምዓ ዘግተናል። ቤት ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።

በየፎልደሩ ራስ ላይ ሳትጠራቸው የሚመጡ ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ አንድ ነጥብ ነው፣ ፎልደሩ ራሱ ማለት ነው። ሌላው ሁለት ነጥብ ነው፣ የወጣበት ወላጁ። አንድ ነጥቡን ተውኩት። ሁለት ነጥቡ እንዳይታይ አደረግሁ። ቦታ ይይዛል።

ውሃ ልቀዳ ስወጣ አጥር ጥግ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንዷ ጎረቤታችን ሀዲጃ ናት። «የከማል ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው፤ አባቷ ሞቶ አንድ እንባ!» አለች ሀዲጃ። ሌላዋ «ተዪ እቴ፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ እየዋለች ደንዝዛ ነው» አለች። ባልዲዬን ሞልቼ ገባሁ። የተናደድኩ መሰለኝና ራሴን አየሁት፤ አልተናደድኩም። የሰው ወሬ እንደሰማሁ ነው የሰማሁት።

እናቴ ምሳ አቀረበች። በላሁ። ምን እንደበላሁ አሁን ስጽፍ አላስታውስም።

መስከረም 11፣ ሐሙስ

ዲስኩ ሞላ። የሠርግ ቪዲዮ ነው የሞላው፤ ከፆሙ በኋላ ሠርጉ በዛ። «የቆየውን ጥረጊው» አለ አያ ሸምሱ።

ከአምስት ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ በራሱ «ሰ» እንዲያገኝ አንድ መስመር ጨመርኩ። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ፋይል ምልክት ተደረገበት። ብዙ ነው። አያ ሸምሱ አሮጌውን ማሽን ያገለገለ ነው የገዛው፤ ከድሮው ባለቤት የቀረ ይሆናል። አንዱንም አልከፈትኩም። «እርግጠኛ ነሽ?» የሚለውን ጥያቄ ሰሞኑን አውጥቼዋለሁ፣ ያሰለቻል።

ፈ።

የተሰረዙትን ዝርዝር ለአያ ሸምሱ ላሳይ ብዬ በጽሑፍ አስቀመጥኩ። አላየውም። ከሰዓት የሠርጎቹ ቪዲዮ ሁሉ ገባ፣ ዲስኩ እንደገና ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

መስከረም 22፣ ሰኞ

አንዲት ሴት መጣች፣ እትዬ ዘሊካ። የበድሩ ሚስት። በድሩ ባለፈው ዓመት ሞቷል፣ አላህ ይርሀመው። በሰንበቴ ከተማ ገበያ ከብት ይነግድ ነበር፤ ልጅ የላቸውም።

«አካም ቡልቴ ያ ሰልማ፣ እንዴት አደርሽ፣ ወረቀቴን ፈልጊልኝ» አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። በድሩ በ2001 ዓ.ም. እዚሁ መጥቶ፣ ከሚሴ ያለውን አራት ክፍል ቤት ለሷ በስጦታ ሰጥቶ አስጽፏል። ስካን ተደርጓል። ዋናውን ወረቀት ሳጥን ውስጥ ምስጥ በልቶታል፤ ብናኙን በፌስታል ይዛ መጥታ አሳየችኝ። አሁን የበድሩ ወንድም ሙሀመድኑር «ቤቱ የውርስ ነው» ብሎ ተነሥቷል። ነገሩን አበጋሮቹ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ ይዘውታል። ወረቀቱ ካለ ቤቱ የሷ ነው። ከሌለ ድርሻዋ ሩብ ነው፣ አንድ ክፍል።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ይኖራል» አልኳት።

መስከረም 23

ፈለግሁ። የለም።

መስከረም 24

በስሟ። በስሙ። «ስጦታ» ብዬ። የለም። የ2001 ፋይል ጭራሽ የለም። የ2000 የለም። አሮጌው ላይ ቀርቶ ይሆናል። አሮጌውን ራሴ ነኝ ያጸዳሁት።

መስከረም 29፣ ሰኞ

እትዬ ዘሊካ መጣች። «እየፈለግሁ ነው» አልኳት። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ዝርዝሩን ወደ ላይ ወደ ታች ሳደርገው አብራኝ ታያለች። ማንበብ አትችልም። «ይሄ ሁሉ የሰው ወረቀት ነው?» አለች። አዎ አልኳት። «ማሻአላህ፣ አደራ ማለት ይሄ ነው።»

የምስክሮቹን ነገር ጠየቅኳት። ሦስት ነበሩ አለች። አንዱ ሞቷል። አንዱ ጅዳ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። ሦስተኛው ራሱ ሙሀመድኑር ነው፤ ያኔ በወንድሙ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አሳርፏል፣ ዛሬ «አላውቅም» ይላል።

ስትወጣ «ሌላ ቀን ልምጣ?» አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ነይ አልኳት። ለምን ሐሙስ እንዳልኩ አላውቅም።

ጥቅምት 3፣ አርብ

አያ ሸምሱ ከጁምዓ በፊት ሻይ እየጠጣ ስለ ቀን መቁጠሪያ ያወራል። ማን እንዳነሳው አላስታውስም፤ ደንበኛ ነው መሰለኝ።

«ያ አሮጌው በጳጉሜ ነው የሚያስቸግረኝ የነበረ። በኛ ቀን ሞልቼው፣ ነሐሴ ሲያልቅ ዘልሎ አዲስ ዓመት ይገባብኛል፤ በእጄ ነው የምመልሰው። ጥቅምትን ደግሞ በሃያ ስምንት ቀን ይጨርስብኛል!» ሰዎቹ ሳቁ።

«መቼ ነው የቀየርከው?» አልኩት።

«በ2002 ነዋ። አንቲ ቫይረሱ ጊዜዬ አለፈ ምናምን እያለ ሲያስቸግረኝ የጥገና ሠራተኛ መጥቶ ወደ ፈረንጅ መለሰው።»

ወረቀት አውጥቼ በእጄ ሠራሁት። ሚያዝያ 12 ቀን 2001 የተጻፈ ፋይል ማሽኑ ላይ ስምንተኛ ወር፣ አሥራ ሁለት፣ 2001 ተብሎ ይቀመጣል። የኔ ፈንክሽን ይሄን የፈረንጅ ነሐሴ መስሎት ወደ እኛ ይቀይረዋል። ነሐሴ 6 ቀን 1993። ከአምስት ዓመት በላይ። «ሰ»።

ማሽኑ ልክ ነበር። ያበላሸሁት ሳስተካክለው ነው። ሱቁ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ የ1993 ፋይል ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ ሰከንድ ይበቃው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ሌላ ሰው ነው ያስመነጠርኩት።

ያስቀመጥኩትን ዝርዝር ከፈትኩ። አለች። «ዘሊካ-በድሩ-ስጦታ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1993»፣ ከነመጠኗ። ስሟ አለ፣ ወረቀቱ የለም።

ጥቅምት 4

የተሰረዘ ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ አስኬድኩ። ያወጣው የሠርግ ቪዲዮ ቁራጭ ብቻ ነው። ሴቶች ሲያጨበጭቡ፣ ድምፅ የለውም።

ጥቅምት 6

ለአያ ሸምሱም ለእትዬ ዘሊካም አልነገርኩም።

ጥቅምት 13፣ ሰኞ

ለአያ ሸምሱ ነገርኩት። በአንድ ትንፋሽ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደማወራ። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«በድሩ መምጣቱን አስታውሳለሁ» አለ። «ምን እንደጻፍኩለት ግን ወላሂ አላስታውስም። በቀን ሠላሳ እጽፋለሁ። ያላስታወስኩትን አልመሰክርም።» ቆየት ብሎ ደግሞ «ሙሀመድኑር ደንበኛዬ ነው» አለ። ይሄን ባይል ይሻል ነበር።

«ለሴትዮዋ ማን ይንገራት?» አልኩት።

«የሰረዘ ነዋ።»

ጥቅምት 16፣ ሐሙስ

ነገርኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ዲስክ፣ ቀን፣ ፈንክሽን እያልኩ ቀባጠርኩ። እጇን አነሣች። «ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ካለ አለ በይኝ። ከሌለ ሂንጅሩ በይኝ።»

«ሂንጅሩ» አልኩ። የለም።

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ምስጥ በላው ብዬ ሳለቅስ እዚህ አለ ብዬ ነው የተጽናናሁት» አለች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ። ተነሥታ ሄደች፤ ፌስታሉን ረስታው ነበር፣ ተከትዬ ሰጠኋት።

አፈርኩ። ሌላውን ሁሉ አላውቅም፣ ይሄን ግን አውቀዋለሁ፤ አፈርኩ።

ጥቅምት 26፣ እሑድ

ዒድ። አረፋ ነው። ሥጋ የሚያከፋፍለው አባባ ነበር፤ ዘንድሮ እኔ አከፋፈልኩ። ለስንት ቤት እንደሚሰጥ አላውቅም ነበርና እናቴ ከውስጥ ሆና ስም ትጠራልኛለች፣ እኔ አደርሳለሁ። ሀዲጃ ቤት ስደርስ እጄን ይዛ «አብሽሪ ልጄ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

የእትዬ ዘሊካ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። አንድ እግር ይዤ በራሴ ሄድኩ። በሯ ዝግ ነው። የመንገዱ ዳር ክፍል በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተሰቅሏል፤ ሙሀመድኑር ነው ያስቀየረው አሉኝ ጎረቤቶቹ።

ኅዳር 1፣ አርብ

አበጋሩ ሼህ ጀይሉ ልከውብኛል። በሚቀጥለው ሐሙስ ቃሌን ይሰማሉ። «ያለሽን ወረቀት ይዘሽ ነይ» ብለዋል። ያለኝ ዝርዝሩ ነው።

ዝርዝሩን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ይሄ እኮ ጽሑፍ ነው። ቁልፍ የለው፣ ማኅተም የለው። ጠቋሚውን 1993 ላይ አድርጌ አራት ጊዜ አጥፍቼ 2001 ብል ማን ያውቃል? ነሐሴንም ሚያዝያ ብለው? እውነተኛው ቀን ያ ነው! የውሸቱ ቀን አሁን ያለው ነው። ብቀይረው ውሸት አልጻፍኩም፣ ውሸት አረምኩ። እንደውም የምስክሮቹን ስም ከፋይሉ ስም ጎን ብጨምርስ? የነበሩት እኮ እነሱው ናቸው።

እንዲሁ እንዳለ ከቀረበ ሙሀመድኑር 1993ን ሲያይ ይስቃል። በ1993 እትዬ ዘሊካ አላገባችም። ሴትዮዋን ሁለት ጊዜ አጠፋኋት ማለት ነው።

ቀየርኩት። 2001። አየሁት። ያምራል። ቀጥሎ ያለውን መስመር ደግሞ አየሁ፤ እሱ 1993 ይላል፤ ከላዩ ያለውም። ሦስት ሺህ መስመር ውስጥ አንዷ ብቻ ቀኗ ሌላ ነው። ታዲያ ሁሉንም ልቀይር? መስከረም ላይም ሁሉንም ልክ አደርጋለሁ ብዬ ነበር የተነሣሁት።

መለስኩት። እናቴ እራት ስትጠራኝ አልሰማሁም መሰለኝ፣ ሁለተኛ ስትጠራኝ ተቆጥታ ነበር።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

ሼህ ጀይሉ ግቢ ተሰበሰብን። ዱዓ ተደረገ። አምስት ሽማግሌዎች፣ እትዬ ዘሊካ ከአንዲት ዘመዷ ጋር ፈንጠር ብላ፣ ሙሀመድኑር ፊት ለፊት። ያተምኩትን ገጽ ሰጠሁ፣ አንዱ ሽማግሌ አነበበላቸው።

ሙሀመድኑር እንዳሰብኩት ሳቀ። «በ1993 ዘሊካ ሰንበቴ አባቷ ቤት ነበረች። ወንድሜ አላገባትም፣ ሸምሱ ሱቅ አልከፈተም። ይሄ ተረት ነው።»

ሼህ ጀይሉ ወደኔ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ እንዴት ነው ነገሩ?»

ተናገርኩ። ማሽኑ የያዘው ልክ እንደነበር፣ ያጣመምኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሳላይ እንደሰረዝኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንደማልቀስ ብል የሚያምኑኝ ይመስለኝ ነበር፤ አልመጣልኝም።

«ይሄን ቁጥር መለወጥ ትችዪ ነበር?» አሉ።

«እችል ነበር። አንድ ጊዜ ለውጬውም ነበር። መለስኩት።»

አንዱ ሽማግሌ «ዋሾ ቢሆን ቀኑን አሳምሮ ነበር የሚመጣው» አለ። ሼህ ጀይሉ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅቷን አምኛታለሁ። ልጅቷ ያየችው ግን ስሙን ነው፣ የውስጡን አላየችም።» ወደ ሙሀመድኑር ዞሩ። «አንተስ? እዚያ ወረቀት ላይ ጣትህ አለ?»

«አላስታውስም» አለ። የለም አላለም።

አስምሉት የሚል ሰው ነበር። ሼህ ጀይሉ እምቢ አሉ። ሰው ወደ መሐላ አይገፋም፣ የማለውም ያስማለውም አይተርፍም አሉ። ተማክረን እንልካለን ብለው በዱዓ ተዘጋ።

ኅዳር 11፣ ሰኞ

ተወሰነ። ሁለት ሁለት ክፍል። የመንገድ ዳሩ ለሙሀመድኑር፣ የጓሮው ለእትዬ ዘሊካ። ዕርቅ ነው፣ ማንም አልተረታም ይላሉ። ከሩብ ይሻላል አለ አያ ሸምሱ። እኔም ይሻላል አልኩ። እሷ የመንገድ ዳሩን ክፍል እያከራየች ነበር የምትኖረው፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

የዕርቁን ወረቀት ለማስጻፍ መጡ። እትዬ ዘሊካ፣ ሙሀመድኑር፣ ከሽማግሌዎቹ ሁለት። አያ ሸምሱ ሊጽፍ ተቀመጠ። «እሷ ትጻፍልኝ» አለች እትዬ ዘሊካ። ለምን እኔ? አልጠየቅኳትም።

ጻፍኩ። እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «የጓሮውን ሁለት ክፍል» ስል አንገቷን ደፋች። ሦስት ቅጂ አወጣሁ። እሷ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች፣ ሦስቱም ላይ። ሽማግሌዎቹ ፈረሙ።

ሙሀመድኑር ቸኩሏል፤ የሰንበቴው መኪና እየጠበቀው ነው። ጣቱን ነከረ፣ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ፣ ቦታ ፈለገ።

«እዚህ ታች ነው አይደል፣ እንደ ያኔው?» አለ።

ወረቀቱን ከጣቱ ሥር ሳብኩት። እጄ እንዴት እንደቀደመኝ አላውቅም። አውራ ጣቱ ጥቁር ሆና አየር ላይ ቀረች። አያ ሸምሱ ፎቶ ኮፒውን አቆመ።

«የቱ ያኔ፣ አያ ሙሀመድኑር?» አልኩት።

ጣቱን አየ። ሽማግሌዎቹን አየ። መኪናው ውጭ ጥሩምባውን ነፋ። ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዣለሁ፣ ፊቴ በእንባ ረጥቧል፤ መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም።

እትዬ ዘሊካ ከወንበሯ ተነሥታ አጠገቤ ቆመች። «አልሰማሽም መሰለኝ» አለች። «ደግመሽ ጠይቂው።»

ደግሜ ጠየቅሁት።